የሙሽራዋ ኮርቻ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ አሳንሰሩ ውስጥ ኮርቻ ገጠመኝ። የአራተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ልጅ ሁለት እጇን ከሥሩ አስገብታ እንደ ሕፃን ታቅፋዋለች። ከፊቱ የሚጨበጥ ቀንድ ያለው፣ ኋላው ከፍ ያለ፣ አሜሪካኖች ከብት የሚነዱበት ዓይነት ትልቅ ኮርቻ ነው። እኔና የጎመን ከረጢቴ ግድግዳው ላይ ተለጠፍን። አዲስ ቆዳና የቆዳ ቅባት ይሸታል።

«ትናንት ነው የገዛሁት፣ ሲኞራ። ያምራል አይደል?» አለችኝ።

«ያምራል። ፈረሱስ አየው?»

ልጅቷ ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። እኔ ግን የምሬን ነበር የጠየቅኋት። ሁለተኛ ፎቅ ወረድኩ፤ ጎመኑን ወጥ ቤት አስቀመጥኩና ካፖርቴን ሳላወልቅ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። የቆዳው ሽታ ልብሴ ላይ ቀርቶ ነበር።

ወደ ሮም ስመጣ ገና ሃያዎቹን የጀመርኩ ልጅ ነበርኩ። የተወለድኩት ዳንግላ አካባቢ ነው። በእኛ በኩል ፈረስ የሌለው ሰው ከጎረቤቱ ይዋሳል እንጂ ሠርግ በእግሩ አይሄድም። አባቴ ሁለት ፈረሶችና አንድ በቅሎ ነበሯቸው፤ እኔም ተማሪ ቤት እስክገባ ድረስ መጫንና ማራገፍ፣ ልጓምና እርካብ ሳይ ነው ያደግሁት። ይህን ሁሉ ይዤ መጥቼ ሮም ውስጥ የአንዲት ሴት ሐኪም መኖሪያ ቤት እጠርግ፣ ሸሚዝ እተኩስ ነበር። የምሠራው እዚያው እያደርኩ ስለሆነ የራሴ የምለው ሐሙስ ከሰዓትንና እሑድን ብቻ ነው። ያኔ እንደኔ ያለች ሴት ሁሉ ሐሙስ ከሰዓት ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ትገኛለች። ወሬው፣ ቅመሙ፣ ስልኩ፣ ሁሉም እዚያ ነው።

ከለተብርሃን ጋር የተዋወቅነውም እዚያ፣ ስልክ ቤት ተራ ስንጠብቅ ነው። የአስመራ ልጅ ናት፤ ሰፊ ትከሻ፣ ሰፊ ወገብ፣ ከሁሉም የሰፋ ሳቅ ነበራት። አማርኛ የተማረችው በትምህርት ቤት ስለሆነ ከእኔ ይልቅ የመጽሐፍ ቋንቋ ትናገር ነበር። ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ በምትባለው ከተማ፣ ከሮም በስተ ሰሜን፣ የአንዲት ባልቴት ቤት ትሠራለች። ሐሙስ ሐሙስ በትንሿ ባቡር ትመጣለች፤ እሑድ እሑድ ደግሞ እኔ እሄድላታለሁ።

ኦስቲያ ባሕር ዳር ቡና ቤት ከሚሠራው ከተክሌ ጋር ለመጋባት በተስማሙ ጊዜ ለእናቷ ስትነግር አጠገቧ ነበርኩ። በትግርኛ ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ ለተብርሃን ዓይኗን ጠርጋ የስልኩን እጀታ ሰጠችኝ። «ጓደኛሽን አገናኚኝ እያለች ነው፤» አለችኝ።

የእናትየው አማርኛ ለገበያ ያህል ነበር። «ልጄን ማን ያስቀምጣታል?» አሉኝ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በእሳቸውም አገር እንደ እኛው ነው። ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ ወንድሟ ወይም አጎቷ አንስቶ በቅሎ ላይ ያስቀምጣታል። በገዛ እግሯ የወጣች እንደሆነ ሰው የሌላት ትመስላለች። የለተብርሃን ወንድም በዚያን ጊዜ የት እንዳለ አይታወቅም። አባቷ አርፈዋል።

«እኔ አስቀምጣታለሁ፣ አደይ፤» አልኳቸው። አደይ ማለት በእነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው።

«በቅሎ አለ እዚያ?»

«ፈረስ አለ።»

እውነቱን ለመናገር ፈረስ መኖሩን የማውቀው በባቡር መስኮት ስላየሁ ነው። ካስቴልኑቮ ጣቢያ ከመድረሱ በፊት ባለው ሸለቆ ውስጥ ጥቂት ፈረሶች ሲግጡ አይ ነበር።

ከስልክ ቤቱ እንደወጣን ለተብርሃን ክንዴን ያዘችኝ። «አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? እኔ የአስመራ ልጅ ነኝ! በቢቸክሌታ ሂጂ በይኝ፣ እሺ። ፈረስ የማውቀው ጋሪ ሲጎትት ነው።»

«ቃል ገብቻለሁ።»

«ቃሉን የገባሽው አንቺ፣ የምወድቀው እኔ!»

ፈረሶቹን ልናይ የሄድንበት እሑድ ከፋሲካ በኋላ ነበር። በሸለቆው ውስጥ ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ቀይ አበባ በየመሐሉ ነጠብጣብ ሠርቶበታል። የፈረሶቹ ባለቤት ሁሉም ሶር አንጄሎ የሚሏቸው ሽማግሌ ነበሩ። «ሶር» ማለት የሮም ሰው ጋሼ እንደማለት የሚጠራበት ነው። ወጣት ሳሉ ከብት ጠባቂ ነበሩ፤ ኋላ ግን የአሜሪካን ከብት ጠባቂዎች ፊልም እዚሁ ሮም ዳርቻ ሲሠራ ከፈረስ እየወደቁ መሞት ሥራቸው ሆነ። ወገባቸው እምቢ ሲል ትተው ፈረሶቹንና ኮርቻዎቹን ይዘው እዚህ ተቀመጡ።

የመጣንበትን ነገርኳቸው። ለተብርሃንን ልብስ ሰፊ እንደሚያይ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ሙሽራዋ እሷ ናት?»

«እኔ ነኝ፤ ምን ይደረግ፤» አለች ለተብርሃን።

«አሎራ፣ ስሙኝ። ለሠርግ ፈረስ አላከራይም፤ አውሳለሁ። ግን ኮርቻው ለፈረሱም ለሙሽራዋም ልክ ካልሆነ ከዚህ በር አይወጣም። ጀርባው የቆሰለ ፈረስ በጋውን ሙሉ ቆሞ ይበላኛል፤ የወደቀች ሙሽራ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ትረግመኛለች።»

ሠርጉ በግንቦት አጋማሽ ነበር። ጊዜ ያለን መሰለኝ።

በመጀመሪያ ያሳዩን ሁለት ጠፍጣፋ ኮርቻዎች እንደ ትሪ ልሙጥ ነበሩ። ለተብርሃን በርሜል ላይ በተጫነው በአንደኛው ተቀመጠችና በዝግታ ወደ ጎን ተንሸራታ ሣሩ ላይ አረፈች። ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። ከዚያ ሽማግሌው የጓዳውን በር ሲከፍቱ የአሜሪካኖቹ ኮርቻዎች በመደዳ በእንጨት ላይ ተሰቅለው አየሁ። ደስ አለኝ። ፊቱ ብድግ ያለ፣ ኋላው የሚደግፍ፣ ውስጡ እንጨት፣ ላዩ ቆዳ። አለባበሱ ይለያል እንጂ የእኛው አገር ኮርቻ ነው። ከፊቱ ያለውን ቀንድ ሳይ ደግሞ ለተብርሃን የምትጨብጠው አገኘች ብዬ አሰብኩ።

«ይህንን አውቀዋለሁ፤» አልኳቸው።

«ታውቂዋለሽ?» አሉ ሶር አንጄሎ። «እንግዲያው ጫኚ፤ ልይ።»

ፈረሷን ቀድሞውኑ መርጫለሁ። ኔቬ ትባላለች፤ በረዶ ማለት ነው፤ ስሟን የምትመስል ነጭ፣ አጭርና ሰፊ ጀርባ ያላት፣ አንገቷን ስትነቀንቅ ጋማዋ የሚበተን ባዝራ ናት። ቬሎ የለበሰች ሙሽራ በነጭ ፈረስ ላይ! ሌሎቹን ዞር ብዬም አላየሁም።

ከኮርቻዎቹ ያማረውን፣ አበባ የተቀረጸበትን አነሳሁ። ጀርባዋ ላይ ሳስቀምጠው ትንሽ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ይህ አላሳሰበኝም። በእኛ ቤት ኮርቻ አንድ ነው፤ ለፈረሱም ለበቅሎውም የሚጫነው እሱው ነው። ካልገጠመ ድብዳብ ይጨመራል፤ ሌላ መላ የለም። ስለዚህ ብርድ ልብስ አጥፌ ጨመርኩ። አሁንም አልረጋም፤ ሌላ ደረብኩ። ከዚያ የሆዱን ጠፍር ሳጠብቅ ባዝራዋ ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጠፈች፣ ጅራቷን አወናጨፈች፣ ዞራም እጅጌዬን በጥርሷ ያዘች። የለበስኩት ሐኪሟ የሰጠችኝን ሹራብ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ እጅጌው ከሌላው ይረዝም ነበር።

ሶር አንጄሎ አጥሩን ተደግፈው ያያሉ። «ጫማሽ ሲጠብሽ፣» አሉኝ፣ «ካልሲ ትደርቢያለሽ?»

ቀረብ አሉና እጄን ይዘው በኮርቻውና በፈረሷ ጫንቃ መካከል እንዳስገባ አደረጉኝ። ጣቶቼ ተጨፈለቁ። «ይኼውልሽ፣ እሷ የምትልሽ ይህንን ነው። የእናንተን አገር ኮርቻ አላውቅም፤ ሊሆን ይችላል። የዚህ ግን የውስጡ እንጨት ከጀርባው ጋር ካልተመሳሰለ ብርድ ልብስ ጥበቱን ይጨምርበታል እንጂ አያለሰልሰውም። በመጀመሪያ በባዶ ጀርባ ነው የሚለካው። ከጫንቃዋ በላይ ብርሃን ማየት አለብሽ። ኋላው ከመጨረሻዋ ጎድን ማለፍ የለበትም።»

አባቴ በቅሎን ገጣባ የሚያደርግ ሰው ሲያዩ ለቀናት ያወሩበት ነበር። እኔ ልጃቸው፣ ነጭ ባዝራ በአበባ ኮርቻ ገጣባ ላደርግ ነበር። ብርድ ልብሶቹን አንድ በአንድ አውርጄ አጠፍኩ።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ስንለካ ከረምን። ተክሌ ሠርጉን በአውቶቡስ እንሂድ እያለ ይቀልዳል፤ የለተብርሃን ባልቴት ቀሚሱን ታሰፋለች፤ እኔ ኮርቻ እሸከማለሁ። አንደኛው ለለተብርሃን የተሠራ ይመስል ነበር፤ በሆዷና በቀንዱ መካከል አራት ጣት ሲተርፍ፣ ኋላዋ ደግሞ ያለ ጭንቅ ያርፋል። ችግሩ ርዝመቱ ነው። የኔቬን አጭር ጀርባ አልፎ ወገቧ ላይ ይጫናታል። ሌላው ለኔቬ ልክክ አለ፤ እጄ ከፊት እስከ ኋላ ሳይያዝ አለፈ። ለተብርሃን ግን ከገባችበት መውጣት አቃታት። ቀንዱ ከፊት፣ ጀርባው ከኋላ ይዟት ሳቅ ስትጀምር ጭራሽ ጠበቀች። እኔ አንድ እጇን፣ ሶር አንጄሎ ሌላውን ይዘን ጎተትን።

«ኮርቻው አልጠበበም፤» አለች መሬት ላይ ቆማ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ፓስታው ነው። ስመጣ ለኔቬ ልክ ነበርኩ።»

በዚያን ዕለት ሽማግሌው እሸት ባቄላ በቅርጫት አምጥተው አጥሩ ሥር ተቀመጥን። የሮም ሰዎች በግንቦት መጀመሪያ እሸት ባቄላ ከበግ አይብ ጋር ይበላሉ። እኔ ባቄላ በእሸትነቱ የሚበላው በእኛ አገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። እየፈለፈልን በላን፤ አይቡ ጨው ይላል፤ የባቄላው ልጣጭ እግራችን ሥር ተከመረ። ሠርጉ ደርሷል፤ እኔም በውስጤ ለአደይ በስልክ ምን እንደምል ማሰብ ጀምሬ ነበር።

«ሌላ ኮርቻ የለም?» አልኳቸው ሶር አንጄሎን። «ይኼኛው ረዘመ፣ ያኛው ጠበበ፣ የአበባው እንጨቱ ክፉ ነው...»

ለተብርሃን ባቄላዋን መፈልፈል አቆመች። «የሺ፣ በመጽሐፋችን ላይ አንድ ተረት ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መታ። ተማሪ ቤት አስተማሪው ትርጉሙን ሲጠይቀኝ አላውቀውም ብዬ ተገርፌበታለሁ። አሁን ገባኝ። ኮርቻዎቹን ተያቸው። ያልሆነችን ፈረሷ ናት።»

«ነጭ እኮ ናት፤» አልኩ።

«እኔ ራሴ ነጭ እለብስ የለም እንዴ? ስንት ነጭ ይበቃሻል?»

ሶር አንጄሎ አይባቸውን እያኘኩ በቢላቸው ጫፍ ወደ በለሱ ዛፍ አመለከቱ። «ፒፖን ግን አንዳችሁም አላያችሁትም።»

ከዛፉ ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ ቡናማ ፈረስ ታስሮ ያንቀላፋል። የታችኛው ከንፈሩ ተንጠልጥሏል። ዝንብ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ እንኳ አንድ ዓይኑን ብቻ ነው የሚጨፍነው። ስንመጣና ስንሄድ በአጠገቡ አልፈናል፤ እኔ ግን ጋሪ የሚጎትት መስሎኝ ነበር። ጀርባው ረጅምና ቀና ነው።

ለለተብርሃን ልክ የነበረውን ኮርቻ ራሴ ተሸክሜ ሄድኩ። በባዶ ጀርባው ላይ አሳረፍኩት። አልተወዛወዘም። እጄን ከፊት አስገባሁ፤ ቀስ እያለ እስከ ኋላ አለፈ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከጫንቃው በላይ የበለሱ ቅጠል በወዲያኛው በኩል ይታያል። ጠፍሩን ሳጠብቅ ፒፖ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም፤ በረጅሙ ተነፈሰና እንቅልፉን ቀጠለ። ለተብርሃን በበርጩማ ወጥታ ተቀመጠች። እርካቡን ልኳ አድርገን አሳጠርነው።

«ይኼማ ሶፋ ነው፤» አለች።

ሶር አንጄሎ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቫ ቤኔ፣ ደህና ነው። ከበሩ ይወጣል።»

የሠርጉ ቀን ሌሊቱን ዘንቦ ጠዋት አባርቶ ነበር። ፒፖን ባልቴቷ ቤት ደጃፍ ድረስ አመጣሁት። ጋማውን አበጥሬዋለሁ፤ ልጓሙ ላይ ነጭ ጥብጣብ አስሬለታለሁ፤ ከንፈሩን ግን ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ለተብርሃን በቬሎዋ ወጥታ ደረጃው ላይ ቆመች። ከዚያ ወዲያ እግሯ መሬት እንዲነካ አልፈለግሁም። ከደረጃው ጋር አስጠግቼው ወገቧን ያዝኩና አነሳሁ። ቀላል ሴት አልነበረችም። ባልቴቷ ከኋላ ቀሚሱን ሰበሰበች፤ እኔም ጥርሴን ነክሼ ኮርቻው ላይ አስቀመጥኳት። ዕድሜ ልኬን ብዙ ነገር አንስቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ያነሳሁት ነገር ደስ አሰኝቶኝ አያውቅም።

ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታው ላይ ነው። ድንጋይ የተነጠፈበትን መንገድ እኔ ልጓሙን ይዤ ወጣን፤ ሰዎች በየመስኮቱ ብቅ እያሉ «ኦጉሪ!»፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ይላሉ። እንግዶቻችን ከሮም በባቡር መጥተው አደባባዩ ላይ ይጠብቁናል። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላ ለብሰዋል። እኛ እንደታየን ሁሉም በአንድ ጊዜ እልል አሉ።

ያን ሁሉ ሳምንት ጀርባ ስንለካ፣ እርካብ ስናሳጥር፣ ይህ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። እልልታ ያልሰማ ፈረስ ምን እንደሚያደርግ ማን ጠየቀ? የእኛ አገር በቅሎ በእልልታ መሐል ነው የምታድገው። የዚህ አገር ፈረስ ግን የት ሰምቶ ያውቃል? ልጓሙን አጥብቄ ያዝኩ። ፒፖ አንገቱን አቀና፤ ከንፈሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ገጠመ፤ ጥቂት ወደ ጎን ረገጠ። ድንጋዩ እርጥብ ነበር። ለተብርሃን «ዋይ አነ!» ብላ ቀንዱን ጨበጠች። ኮርቻው አልተንሸራተተም፤ እሷም አብራው ወደ ጎን ሄዳ አብራው ተመለሰች። ከዚያ ያ ሳቋ መጣ። ሴቶቹ ሳቋን ሲሰሙ እልልታውን ጨመሩ፤ ፒፖም ከንፈሩን መልሶ ጣለው።

ሶር አንጄሎ ክራቫታቸውን አስረው ጥጉ ላይ ቆመዋል። «ምን ሆነሽ ገረጣሽ?» አሉኝ። «ፒፖ እኮ አብሮኝ ፊልም ይሠራ ነበር፤ ስንት ጦርነት ያየ ፈረስ ነው። ኔቬ ብትሆን ኖሮ ሙሽራችን አሁን ቪቴርቦ ከተማ ደርሳለች።»

ተክሌ ሊያወርዳት እጁን ዘረጋ። «አልወርድም፤» አለችው። «ተመችቶኛል። ቄሱ እዚህ ይምጡ።» ቄሱ በሩ ላይ ሆነው ሲስቁ ሆዳቸው ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር። ተክሌ ከፈረስ ከማውረዱ በፊት ምን እንደሚገዛላት በሕዝብ ፊት እንዲናገር ተደረገ፤ ቢቸክሌታ አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ድግሱ የባልቴቷ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ከሴሞሊና የተጋገረ እንጀራ ከዝግኒ ወጥ ጋር፣ የሰፈሩ ሰዎች ያመጡት የአሳማ ጥብስ፣ ወይን በጋን። እኔ ሳልቀመጥ በፊት ፒፖን ወደ ሸለቆው መለስኩት። ኮርቻውን አውርጄ ጀርባውን አየሁ። ላቡ ከፊት እስከ ኋላ እኩል ነበር፤ ደርቆ የቀረ፣ ፀጉሩ የተፋቀ ቦታ የለም። በሣር አሸሁትና ለቀቅሁት። ወዲያው ሄዶ ጭቃው ውስጥ ተንከባለለ፤ ነጩ ጥብጣብም አብሮት።

በሐሙሱ ተርሚኒ ሄጄ አደይን ደወልኩላቸው።

«አልወደቀችም?»

«አልወደቀችም፣ አደይ። እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት።»

ስለ ቀሚሱ፣ ስለ ድግሱ ይጠይቁኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «የፈረሱስ ጀርባ?» አሉኝ።

«አይቼዋለሁ። ምንም አልሆነም፤ ላቡም እኩል ነበር።»

ያን ጊዜ በስልኩ ውስጥ እልልታቸው መጣ። አንዴ ብቻ፣ ረጅም፣ ከአስመራ እስከ ሮም የሚደርስ። እጀታውን ከጆሮዬ አራቅሁት፤ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩኝ። አላፈርኩም።

ለተብርሃንና ተክሌ ዛሬም ኦስቲያ ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤተሰብ ሙሽራ ሲኖር የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ማንም አልወሰነውም፤ እንዲያው ሆነ። ሁለቱን ሴት ልጆቻቸውን በመኪና አስቀምጫለሁ፤ በሩን ከፍቼ፣ ክንዳቸውን ይዤ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስቤ። በዚህ ከተማ ከአምሳ ዓመት ባላነሰ ጊዜ ውስጥ ዘመድ የምለውን ያገኘሁት በደም አይደለም፤ ሰውን ወደሚሄድበት አደላድዬ በማስቀመጥ ነው። ብዙ ሰው ዘመድ ሲያፈላልግ መልኩን ያያል። ጀርባውን የሚያይ ጥቂት ነው።

ትናንት ማታ የለተብርሃን የልጅ ልጅ ሳራ ደወለችልኝ። አማርኛዋ ከጣሊያንኛው ጋር የተደባለቀ ነው፤ አክስቴ ለማለት «ዚያ» ትለኛለች። በመስከረም ታገባለች።

«ዚያ፣ እኔንም ታስቀምጪኛለሽ አይደል?»

«አስቀምጥሻለሁ። በምን ነው የምትሄጂው?»

«በቬስፓ ሞተር። እሱ ይነዳል፣ እኔ ከኋላ።»

ልጅቷ ቁርጥ አያቷን ናት፤ ትከሻዋም ወገቧም።

«እሑድ ቬስፓውን ይዛችሁ ኑ፤» አልኳት፤ «ቀሚሱንም። ተቀምጠሽበት ልይ።»